የውሃ ቦቴው ሾፌር ሜዳሊያ

አባቴ ሲያኮርፍ ሽንኩርት ያጠጣል። ሌላ ሰው ቢሆን ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል፣ ወይም ምሳ አልበላም ይላል። የእኔ አባት ግን አካፋውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ከቤታችን በታች ወዳለው ማሳ ይወርድና የመስኖውን ቦይ ይከፍታል። በሸዋ ሮቢት ሙቀት ውሃ ለሽንኩርት ክፋት የለውም፤ ነገር ግን ሁሉም በልክ ነው። ማሳው ረግረግ ሆኖ ካየነው እኛ ልጆቹ እርስ በርሳችን የምንጠያየቀው «ማን አስቀየመው?» ብለን ነው።

ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ሰሞን ሽንኩርቱ ሊበሰብስ ደረሰ።

ምክንያቱን ከራሱ አፍ አልሰማንም። እናቴ ናት ከጎረቤት ለቃቅማ ያመጣችው። የቀድሞ ወታደሮች በበዓል ቀን ወደ ከተማው አዳራሽ ተጠርተው ነበር። አባቴ ለእኔ ሠርግ የተገዛለትን ጥቁር የሱፍ ኮት፣ በዚያ ሙቀት፣ እስከ መጨረሻው ቁልፍ ቆልፎ ሄደ። በር ላይ ሜዳሊያ ያላቸው ወደ ፊት፣ የሌላቸው ወደ ኋላ ተባለ። የፊተኛው ወንበር ከማራገቢያው ሥር ነው። እዚያ ከተቀመጡት አንዱ ደግሞ ድሮ በአባቴ ብርጌድ የስንቅ መጋዘን ኃላፊ የነበረ ሰው ነበር። አባቴ ስለዚህ ሰው ሲናገር ከዱቄት ብናኝ በቀር የባሩድ ሽታ አያውቅም ይላል። ሰውዬው በተራመደ ቁጥር ደረቱ እንደ ቃጭል ይንቃጨላል። አባቴ ከኋላው ግድግዳ ተጠግቶ በላብ ተጠምቆ ፕሮግራሙን ጨረሰ፤ ለስላሳ ሲታደልም አልወሰደም አሉ።

እናቴ ይህን ከሰማች በኋላ ዝም ትላለች ብሎ የሚጠብቅ እሷን አያውቃትም። እናቴ አባቴን ዕድሜ ልኳን አንቱ ነው የምትለው። አንቱታው ግን ከማክበሩ ይልቅ ለነገር ይመቻታል፤ በአንቱታ የተነገረ ሽሙጥ በምን ይመለሳል? ከማሳው ሲመለስ ጠብቃ፣ እግሩን የሚታጠብበትን ውሃ እያቀረበች፣ ከፊት ካላስቀመጡዎት እንግዲህ ሽንኩርቱ ምን አጠፋ አለችው።

አባቴ ወታደር ሳለ የውሃ ቦቴ ሾፌር ነበር፤ በምሥራቅ፣ በኦጋዴን በረሃ። ስለ ሜዳሊያው የሚተርከውን እኛ ልጆቹ ከፊደል በፊት ነው ያጠናነው። አንድ ሻለቃ ጦር ተከቦ በውሃ ጥም ሊያልቅ ሲል አባቴ ቦቴውን ሙሉ ውሃ ጭኖ፣ የጠላትን መስመር መሐል ለመሐል ሰንጥቆ፣ ገባ። የጦር ሜዳ ጀብዱ ሜዳይ ተሸለመ። አለቀ። ሲተርክ «ገባ» የምትለው ቃል ላይ ሁልጊዜ እጁን እንደ መሪ ይጠመዝዛል። እናቴ ደግሞ ታሪኩ ካለቀ በኋላ የምትጨምራት የራሷ ምዕራፍ አለቻት።

«አንቱ ውሃ በመኪና ጭነው ስለሄዱ ሜዳሊያ ከሰጡዎት፣ እኔ ከሮቢ ወንዝ በእንስራ ስመላለስ የኖርኩት ጄኔራል መሆን ነበረብኝ።»

አባቴ ይህን ሲሰማ አካፋውን ይፈልጋል።

ሜዳሊያው ራሱ ቤታችን ኖሮ አያውቅም። መንግሥት ተለውጦ ጦሩ ሲበተን አባቴ የእንጨት ሣጥኑን ከነዕቃው ካምፕ ትቶ በእግሩ ነው አገሩ የገባው። ይዞት የመጣው ነገር ቢኖር ግራ ትከሻው ላይ ያለው የተጨማደደ ጠባሳ ነው። እሱንም ቢሆን የጋለ የመኪና ሞተር ሲጠግን ማራገቢያው፣ ቬንቲሌተሩ፣ እንደመታው ነው የነገረን። እናቴ ለጎረቤት ስታስተዋውቀው ከመትረየስ አምልጦ በቬንቲሌተር የቆሰለ ጀግና ትለው ነበር። እሱም አብሮ ይስቃል።

እንግዲህ ነገሩን እኔ ልያዘው አልኩ። መምህርት ነኝ፤ ማመልከቻ መጻፍ አይከብደኝም። የቀድሞ ወታደሮችን መዝገብ የሚያስተካክል ቢሮ እንዳለ ሰምቼ ስለነበር እንሂድ አልኩት። አይሆንም አለ። ሜዳሊያ ሽንኩርት አይኮተኩትም፣ በዚህ ዕድሜዬ ቢሮ ለቢሮ ስዞር ሰው ምን ይለኛል አለ። ሁለት ቀን ያህል ለመንኩት። በሦስተኛው እናቴ ልብስ እያጣጠፈች፣ ለማንም ሳይሆን ለልብሱ የምትናገር መስላ፣ ምናልባትም መጀመሪያውኑ አልተሰጣቸው ይሆናል አለች። አባቴ ተነሥቶ ታጠበና ኮቱን ለበሰ።

ቢሮው ውስጥ ያገኘናት ልጅ ትሑት ናት። አባባ ብላ ወንበር ሳበችለት፣ ፋይሉንም ሳታጉላላን አወጣች። ያለው አጭር ነው፦ ሾፌር፣ በመልካም ጠባይ ያገለገለ። ስለ ሽልማት አንድም ነገር የለም። በዚያ ትርምስ ዘመን ከክፍል ክፍል ሲዘዋወሩ የስንቱ እንደተዘለለ፣ የአባባ ብቻ እንዳልሆነ ነገረችን። ሜዳሊያው ወይም የምስክር ወረቀቱ ካለ ቀላል ነው፤ ከሌለ ግን ባለጉዳዩ የሆነውን በዝርዝር ጽፎ፣ በዚያው ክፍል አብሮት የነበረ ሰው ቃሉን ሰጥቶበት፣ ወደ አዲስ አበባ ይላካል። እዚያ ተጣርቶ መዝገቡ ይታረማል።

«አብሮዎት የነበረ ሰው በሕይወት አለ?» ብላ ጠየቀችው።

አባቴ ሁሉም አልቀዋል አላት። ፊቱን እንኳ አላዞረም።

ይህ ውሸት መሆኑን አውቃለሁ። ጀውሃ ላይ፣ አስፋልቱ ዳር፣ ለከባድ መኪና ሾፌሮች ምግብ ቤት ያላቸው አንድ ሽማግሌ አሉ። የአገሩ ሰው ሐኪሙ ነው የሚላቸው፤ ድሮ በዚያ የተከበበ ሻለቃ ውስጥ ቁስል አልባሽ ስለነበሩ ነው። ሙስሊም ናቸው፤ የአያት የቅድመ አያታቸው አገር ይፋት ነው። እኔ የማውቃቸው ከአባቴ ባሕርይ የተነሣ ነው። በመንገዱ ባለፍን ቁጥር አውቶቡሱ ጀውሃ ሊቆም ሲል አባቴ አንገቱን ዝቅ አድርጎ የጫማውን ክር ያስራል። ጫማው ክር የሌለው በሆነበት ቀንም አስሯል። ለምሳ እንውረድ ካልነው ደግሞ የዚህ አገር ምግብ ዘይት ይበዛበታል ይላል።

ከቢሮው እንደወጣን ስለ ሐኪሙ አነሣሁበት። ያ ሰው ቀልደኛ ነው፣ ለምስክርነት አይሆንም አለ። ቁስል ማልበስ የለመደ ሰው ወሬም አልብሶ ነው የሚያወራው አለ። እንግዲህ ይህን የሚለው የቦቴውን ታሪክ እጁን እየጠመዘዘ ሲተርክ የኖረው ሰው ነው። ቤት ገብቼ ለእናቴ ስነግራት ዓይኖቿ አበሩ። አንድ የሚፈሩት ነገር አለ፣ እንዳታዘገዪው አለችኝ።

ዓርብ ቀን ሄድን። ሚኒባሱ ጀውሃ ሲደርስ አባቴ አንገቱን ለመድፋት ሞክሮ ነበር፤ እኔ ግን ክንዱን ይዤ አወረድኩት። ሐኪሙ ከጁምዓ ሰላት ተመልሰው በራፋቸው ላይ፣ ነጭ ቆብ እንዳደረጉ፣ ተቀምጠዋል። አባቴን ሲያዩ ከመቀመጫቸው አልተነሡም። ወደ መንገዱ ግራና ቀኝ አዩ።

«ጠፍተህ ነው ወይስ አውቀህ መጣህ?» አሉት።

አባቴ ጆሮው ድረስ ቀላ። ከዚያ ተነሥተው አቀፉት፤ አቅፈውት ብዙ ቆዩ። ዓርብ ስለሆነ አባቴ ጿሚ ነው፤ ምስር ወጥ አዘዙለት። ለራሳቸውም ያንኑ አስመጡና፣ በገዛ ቤታቸው ሥጋ እየሸተታቸው ምስር የሚበሉት ለዚህ ሰው ሲሉ መሆኑን በቦታው ላሉት ሾፌሮች ሁሉ አስታወቁ።

የመጣንበትን ነገርኳቸው። አባትሽ እንዴት አድርጎ ነው የሚያወራው አሉኝ። እኔም እንደተማርኩት፣ መሐል ለመሐል ሰንጥቆ ገባ ብዬ ተረኩላቸው። እጄን ሳላስበው እንደ መሪ ጠመዝዤ ነበር። ሐኪሙ ጉርሻቸውን አስቀምጠው እስኪያስላቸው ሳቁ።

ነገሩ እንዲህ ነበር። አባቴ ውሃውን እንዲያደርስ የታዘዘው ወደ ተከበበው ሻለቃ አልነበረም፤ በስተኋላ ወዳለ ደጀን ነበር። በአቧራ ውስጥ ከሌሎቹ መኪኖች ተነጥሎ አንድ ደረቅ ወንዝ ተከትሎ ሄደ። መንገድ ላይ ወታደሮች አየ፤ የእኛ መስለውት እጁን አውለበለበላቸው። እነሱም የራሳቸው ሰው መስሏቸው አውለበለቡለት። በዚህ ሁኔታ ሰላምታ እየተለዋወጠ በጠላት መሐል አልፎ፣ ማንም በማይጠብቀው በኩል፣ ከተከበበው ጦር ፊት ብቅ አለ። የእኛ ልጆች ሊተኩሱበት አነጣጥረው ነበር።

«እኛ በውሃ ጥም ምላሳችን ተጣብቋል» አሉ ሐኪሙ። «እሱ ከመኪናው ወረደና፣ ወላሂ፣ የመጀመሪያ ቃሉ ይህ ነው፦ ‹ወንድሞች፣ ደጀኑ በየት በኩል ነው?›»

ሾፌሮቹ ሁሉ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ እንባዬ እስኪመጣ። አባቴ አቧራ ነበር አለ። ደጋግሞ አቧራ ነበር አለ፣ ያኔ የነበረውን አቧራ ያላየ ሰው ምን ያውቃል አለ። በዚያች ሰዓት ሁሉም ገባኝ፤ የጫማው ክር፣ የበዛው ዘይት፣ ሁሉም።

ሐኪሙ ግን ሳቃቸውን ጨርሰው እጃቸውን ታጠቡና ወደ እኔ ዞሩ። ሁለተኛውንስ ነግሮሻል ወይ አሉኝ። የቱን ሁለተኛ አልኩ። አባቴ ተነሥቶ ውሃ ሊጠጣ ወደ ጓዳ ገባ። እሳቸውም እስኪገባ ጠብቀው ቀጠሉ።

ያ ውሃ ለቁስለኞቹ እንኳ ብዙ አልበረከተም። ከበባው አልተፈታም፤ ጠላትም በደረቁ ወንዝ በኩል አንድ ቦቴ እንዳለፈው ነቅቷል። አዛዡ ማንንም ሂድ ብሎ አላዘዘም፤ ወጥቶ ውሃ ለማምጣት የሚሞክር አለ ወይ ብሎ ብቻ ጠየቀ። አባቴ እኔ እሄዳለሁ፣ መንገዱን የማውቀው እኔ ነኝ አለ። ሰው ሁሉ በዚያ ጭንቅ ውስጥ ሆኖ ሳቀበት። አንድ በዕድሜ የሚበልጠው፣ ቦቴውን ሲጠግን የሰነበተ የሻለቃው መካኒክ ሳይጠየቅ ጋቢና ገባ። ይህቺ መኪና የምታፈስበትን ቦታ የማውቀው እኔ ነኝ፣ ብቻህን ብትሄድ ጥለሃት ትመጣለህ አለው። በጨለማ ሾልከው ወጡ። ውሃ ሞልተው ሲመለሱ ግን ነጋባቸው፤ በደረቁ ወንዝም ጠላት ሲጠብቃቸው ደረሱ። ጥይት የቦቴውን ሆድ በሳሳው። ውሃው በየቀዳዳው ሲፈስ መካኒኩ ከጋቢና ወጥቶ፣ መኪናው እየሄደ፣ ጎኑ ላይ ተንጠልጥሎ ቀዳዳውን በጨርቅና በእንጨት ይወትፍ ጀመር። አባቴ ትከሻውን ተመታ፤ አልቆመም። ሲደርሱ ከግማሽ በላይ ውሃ ነበረ። መካኒኩም እንደተንጠለጠለ ነበር፤ ሲያወርዱት ግን ደረቱ ተመትቷል። በቦቴው ጥላ ሥር አስተኙት፣ ሐኪሙም ያለ የሌለ ፋሻቸውን ጨረሱ፤ አልተረፈም።

«ሜዳሊያው ለሁለተኛው ነው ልጄ» አሉ። «የመጀመሪያውን ተሳስቶ መጣ። ሁለተኛውን አውቆ መጣ። የቁስለኛም ሜዳይ አብሮ ተሰጥቶታል፤ ማመልከቻችሁ ላይ እሱ ለምን የለም?»

ስለ ቬንቲሌተሩ ነገርኳቸው። አባቴ በጓዳው በር ላይ ቆሞ ይሰማ ነበር። መጥቶ ተቀመጠና ጠረጴዛው ላይ የፈሰሰ ጨው በጣቱ ሰበሰበ። ለምን አልነገርከንም አልኩት።

«የመጀመሪያውን ስነግር ሰው ጀግና ነህ ብሎኝ ወደ ጨዋታው ይሄዳል» አለ። «ሁለተኛውን ብነግርማ አብሮህ የነበረውስ የት አለ ይለኛል።»

በዚያው ጠረጴዛ ላይ የምስክርነቱን ቃል መጻፍ ጀመርን፤ ጸሐፊዋ እኔ ነኝ። ወዲያው ጠብ ተነሣ። ሐኪሙ ለመንግሥት በሚጻፍ ነገር ውሸት አላስገባም፣ የመጀመሪያውን ጊዜ «መንገድ ተሳስቶ» በይ አሉኝ። አባቴ «አቅጣጫ ቀይሮ» ይባል አለ። ሐኪሙ አቅጣጫ የሚቀይር ሰው አቅጣጫ ያለው ነው አሉ። ምስሩ ቀዘቀዘ፣ ሾፌሮቹም ሁለት ጎራ ተከፈሉ። በመጨረሻ እኔ «ባልታሰበ አቅጣጫ ገባ» ብዬ ጻፍኩና አነበብኩላቸው። አባቴ ጠላት ያላሰበው ማለት ነው ብሎ ተደሰተ። ሐኪሙም እሱ ራሱ ያላሰበው ማለት ነው ብለው ተደሰቱ። ሁለቱም ፈረሙ።

ሸዋ ሮቢት ስንመለስ እናቴ በር ላይ ጠብቃናለች፤ ቀልድ ተርባ ነበር። ደጀኑ በየት በኩል ነው የሚለውን ስነግራት ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። ቀጥዬ ሁለተኛውን ስነግራት ግን ሳቋ ጠፋ። ትከሻውን አየች። ከዚያ የሆነውን እኔ ጎን ቆሜ ባላየው ኖሮ አላምንም ነበር፤ እናቴ አባቴን በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ አንተ አለችው።

«ለእኔ እንኳ አልነገርከኝም?»

«ስለ ቬንቲሌተሩ ስትስቂ ደስ ይለኝ ነበር» አላት።

እሷም ወደ ውስጥ ገባች። ቆይታ ስትወጣ አንቱታው ተመልሷል፤ ሽሙጡ ግን ለወራት ጠፋ። አባቴም ቤቱ ጭር ሳይልበት አልቀረም፤ ሆን ብሎ የቡና ስኒ ሰብሮ ሲያያት ይዤዋለሁ። እሷ ግን ስባሪውን ጠርጋ ሌላ ስኒ አቀረበችለት። ለእኔ ግን እናትሽ ታማለች እንዴ ብሎ ጠየቀኝ።

ማመልከቻውን ለቢሮዋ ልጅ አስገባን። የቁስለኛውን ሜዳይ ስላከልንበት ጤና ጣቢያ ሄዶ ጠባሳውን አስመረመረ። ወረቀቱ ወደ አዲስ አበባ ሄደ። በዚህ በእኛ አካባቢ መንገዱ አንዴ ሲዘጋ አንዴ ሲከፈት ስለሚከርም መልሱ ቆየ። በመሐሉ ቃል ለመስጠት በአካል ቅረቡ የሚል ጥሪ መጣ። ሁለቱን ሽማግሌዎች ይዤ ሄድኩ። እነዚህ ሰዎች ሙቀት ይችላሉ፤ ብርድ ግን ጠላታቸው ነው። ገና ደብረ ሲና ሳንደርስ ሁለቱም በአንድ ጋቢ ውስጥ ገብተዋል። ጣርማ በር ላይ መኪናው ለትንሽ ጊዜ ሲቆም ገበሬዎቹ ትኩስ ቆሎ ይዘው መስኮት ላይ መጡ፤ አባቴ ቆሎውን ሊበላው ሳይሆን እጁን ሊያሞቅበት ገዛ። መንገዱ የሚያልፍበት ረጅም ዋሻ ውስጥ ስንገባ ሐኪሙ ለሾፌሩ በል ተጠንቀቅ፣ እኔ አጠገብ የተቀመጠው ሰው መንገድ በማሳት የታወቀ ነው አሉት።

አዲስ አበባ ያነጋገሩን መኮንን ረጋ ያሉ ሰው ናቸው። ለየብቻ ጠየቋቸው። በግድግዳው በኩል የሐኪሙ ድምፅ ይሰማ ነበር፤ ወዲያው ደግሞ የመኮንኑ ሳቅ፤ ከዚያ ረጅም ጸጥታ። አባቴ ኮሪደሩ ላይ ሆኖ አሁን የመጀመሪያውን ነገራቸው፣ አሁን ሁለተኛውን እየነገራቸው ነው ይለኝ ነበር።

ከጥቂት ወራት በኋላ የታረመው መዝገብ ደረሰን። ሁለቱም ሽልማቶች ገብተዋል፤ የጀብዱውም፣ የቁስለኛውም። ብረቱን ግን ዛሬ ማንም አይሠራውም፤ የተሰጠው ባለ ማኅተም ወረቀት ነው። አባቴ ወረቀቱን አነበበ፣ አጠፈ፣ ኪሱ ከተተ። እናቴ ደረትዎ ላይ በምን ሊሰኩት ነው፣ በስፒል ነው ወይስ በሚስማር አለችው። አባቴ ፊቱ ፈካ። ያን ቀን ቤታችን ወደ ቀድሞው ተመለሰ።

እኔ ጉዳዩ አለቀ ብዬ ነበር። በማግስቱ ግን አባቴ ሳይነግረኝ ብቻውን ጀውሃ ሄደ። ስለ መካኒኩ ሊጠይቅ ነው። ሐኪሙ ለዓመታት የሚያውቁትን ያን ዕለት ነገሩት፦ መካኒኩ የዚሁ የእኛ አገር ሰው ነው፣ ታናሽ እህቱ ከአጣዬ ወጣ ብሎ ትኖራለች። እስከ ዛሬ ለምን አልነገርከኝም ሲላቸው፣ እኔ ምግብ ቤት ሳትወርድ በየት በኩል ልንገርህ አሉት።

ሦስታችን ሄድን። እህቱ በጣም አርጅተዋል። ቤታቸው አጣዬና አካባቢው በተቃጠለ ጊዜ ነዶ እንደገና የተሠራ ነው፤ ቆርቆሮው ገና ያብረቀርቃል። ግራር ሥር ተቀምጠው ማሾ ይለቅማሉ። ማን እንደሆንን ሐኪሙ ነገሯቸው። እሳቸውም ማሾውን አቁመው ሰሙ። አባቴ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ራሱ እንዲተርክ ነበር የተስማማነው፤ ጀመረ፣ ግን የወንዙ መግቢያ ላይ ሲደርስ አቃተው። እጁ መሪ አልጠመዘዘም። የቀረውን ሐኪሙ ጨረሱት።

አሮጊቷ አላለቀሱም። አንድ ነገር ብቻ አባቴን ጠየቁት።

«ጠምቶት ነበር ሲሞት?»

«አይ፣ እማማ» አለ አባቴ። «ውሃው በላዩ ላይ ይፈስ ነበር። ከሁሉ በፊት የጠጣው እሱ ነው።»

እሳቸውም ራሳቸውን ነቀነቁ። እሱ ግን ውሃ አይወድም ነበር፣ ጠላ ነበር እንጂ የሚወደው አሉ። አባቴ ቀና ብሎ አያቸው። ፈገግ ብለው ነበር። ከዚያ ሁለቱም ሳቁ፣ ሐኪሙም ሳቁ፤ እኔ ነኝ ያለቀስኩት።

የመካኒኩ መዝገብ ላይም ሽልማት የለም። ማመልከት የሚችለው ዘመድ ብቻ ስለሆነ እህቱ ሸዋ ሮቢት ድረስ መጡ። እኛ ቤት አደሩ፤ ከእናቴ ጋር በአንድ ቀን ተግባብተው አባቴን በሁለት ወገን ከበቡት። በማግስቱ ወደዚያችው ትሑት ልጅ ቢሮ ገባን። እሷም አባቴን ስታይ ደግሞ ምን ጎደለ እንደማለት ሆነች። ከዚያ ለእህቱ ወንበር ስባ ስማቸውን ጻፈችና፣ አብረዋቸው የመጡት ሁለት ሽማግሌዎች ምናቸው እንደሆኑ ጠየቀች።

አሮጊቷ ሁለቱን ተራ በተራ አዩአቸው። አባቴ ኮቱን እስከ መጨረሻው ቁልፍ ቆልፎ፣ ሐኪሙ ቆባቸውን አስተካክለው፣ እንደ ተማሪ ተደርድረዋል።

«ወንድሜን ያመጡልኝ ናቸው» አሉ። «ትንሽ ዘገዩ እንጂ።»

ልጅቱ ይህን በምን ቃል እንደምትጽፈው ግራ ገብቷት ወደ እኔ አየች።